ዋጉ በአንድ መኸር፣ ዝርያው በ10 ዓመት

ወዳጆቼ፣ ከኢተያ ወደ አሰላ ስትሄዱ የቁሉምሳን ምርምር ማዕከል ታልፋላችሁ። የአርሲ ስንዴ ታሪክ እዚያ ነው ያለው፤ ከዋግ ጋር የመሽቀዳደም ታሪክ።

በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ "ኩብሳ" የተባለውን ዝርያ መታው። ገበሬው በ1997 ወደተለቀቀው "ዲጋሉ" ዞረ። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና በአርሲና በባሌ 10 ሺህ ሄክታር ያህል ዲጋሉ በላ።

አንድ ዝርያ ከማዳቀል እስከ መለቀቅ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። አሁን ግን በቀን 22 ሰዓት መብራት እያበሩ በዓመት እስከ 6 የስንዴ ትውልድ ማድረስ ተችሏል። ጥሩ ነው! አንድ ዓመት ማሳጠር ለገበሬው አንድ አዝመራ ማትረፍ ነው።

ዘሩ ካልተባዛስ? እስኪ አብረን እናስላ። ከአንድ ሄክታር እንነሳ። 1.5 ኩንታል ተዘርቶ 30 ኩንታል ቢሰጥ፣ ሁሉም ለዘር ቢቀመጥ፣ በዓመቱ 20 ሄክታር ይሸፍናል፤ በሁለተኛው 400፣ በሦስተኛው 8 ሺህ። ሦስት ዓመት ለፍተን ዋጉ በአንድ መኸር የበላውን ያህል እንኳ አልሸፈንም!

ስለዚህ ገንዘቡ ለማዳቀሉ ብቻ አይሁን። በበጋ በመስኖ ዘር ለሚያባዛው፣ ለገበሬው በጊዜ ለሚያደርሰውም ድርሻ ይኑረው። መጋዘን የተቀመጠ ዝርያ ዋግ አያቆምም።