ጥላ፣ ድምፅ፣ ምስል፦ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ እንዴት ተቆጠረ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ የልብና የደም ሥር ሕመሞች አንድ ጥናት ታተመ። ጸሐፊዎቹ ኤልድሪድ ፓሪና ጎርደን ናቸው። ፓሪ ዌልሳዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተምሩ ነበር። ፋኩልቲው ከተከፈተ ያኔ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር።

ጥናቱ የተመሠረተበት መሣሪያ ለሌላ ሥራ የተሰናዳ ነበር። የሳንባ ነቀርሳን ከብዙ ሕዝብ መካከል ለይቶ ለማውጣት ሰው በሰልፍ እየቀረበ ደረቱን በትንንሽ ፊልም የሚነሣበት ራጅ ነው። ሳንባውን ለማየት በተነሣ ፊልም ላይ ግን ልብም ጥላዋን ትጥላለች። ፓሪና ጎርደን ያተኮሩት በዚያ ጥላ ላይ ነው፤ የሰፋች ልብ ያለው ሰው ከተገኘ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራል። በሽተኛው ወደ ሆስፒታል እስኪመጣ ሳይጠብቁ ሕመሙን ከሕዝቡ መካከል መፈለግ በጊዜው ድፍረት የሚጠይቅ ሐሳብ ነበር፤ ለእኔ የዚህ ጥናት ትልቁ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ጥላ የሚናገረው የልብን መጠን ብቻ ነው። ቫልቩ፣ ማለትም የልብ በሩ፣ ገና መጎዳት የጀመረ ልጅ ልቡ አልሰፋምና በዚያ ፊልም ላይ ጤነኛ ይመስላል።

የቫልቩ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል፤ ቤተሰብ ‹‹ቶንሲል ነው›› ይላል፤ ሕመሙም በጥቂት ቀን ይተዋል። በአንዳንድ ልጆች ግን ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያሰለፈው መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያና ልብ ላይ ይነሣል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ እየጠነከረ፣ እየጠበበ ወይም እያፈሰሰ ይሄዳል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ጉሮሮው ሲቆስል ፔኒሲሊን ቢሰጥ ነገሩ ገና ከመነሻው ይቀራል፤ አንዴ በትኩሳቱ የታመመው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እየወሰደ ድጋሚ ጥቃቱን መከላከል ይችላል። ይህ ሁሉ ፓሪ አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜም የታወቀ እውቀት ነበር።

ቀጣዩ የቆጠራ ዘመን የጆሮ ነው። የልብ ሐኪሙ ከበደ ኦሊ ከነርቭ ሐኪሙ ሬድአ ተክለሃይማኖትና ከስዊድናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአንዲት የገጠር ከተማ ተማሪዎችን መርምረው ውጤቱን በ1992 አሳተሙ፤ ከ1,000 ልጆች በ4.6ቱ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ተገኘ። ከበደ በ1999 ባወጡት የአዲስ አበባ ተማሪዎች ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ከ1,000 ወደ 6.4 ነበር። የሁለቱም ጥናቶች መነሻ የሐኪሙ ማዳመጫ ነው፤ ደም በተበላሸ ቫልቭ ሲያልፍ የሚያሰማው ሹክሹክታ። ይህ ሥራ ትዕግሥትና የሠለጠነ ጆሮ ይጠይቃል። ሐኪሞቹም የጆሮን ያህል አድርሰውታል።

በእነዚሁ ዓመታት ሌላ ጥረት እየተካሄደ ነበር። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን መሠረቱ። አገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ስላልነበረ ልጆች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። የማዕከሉ ታሪክ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው በመሆኑ እዚህ አልገባበትም።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። በ2007 ከካምቦዲያና ከሞዛምቢክ የወጣ ጥናት ቀደም ብሎ የተቆጠረውን ሁሉ እንደገና እንዲታይ አስገደደ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ተማሪ አንድ ጊዜ በማዳመጫ፣ አንድ ጊዜ በልብ አልትራሳውንድ (ሐኪሞቻችን በአጭሩ ኤኮ በሚሉት) መረመሩት። በሞዛምቢክ በማዳመጫ ከ1,000 ልጆች 2.3ቱ ታመው ሲገኙ፣ ኤኮው 30.4ቱን አሳየ፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኤኮ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ደሙም ወደ ኋላ ሲመለስ በዓይን ያሳያል። በ2012 የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በኤኮ የሚታየው ለውጥ ምን ሲሆን ሕመም እንደሚባል መለኪያ አወጣ።

የኢትዮጵያ ቁጥሮችም በዚህ መለኪያ እንደገና ተነሡ። የጅማው የሕፃናት ልብ ሐኪም አብርሃም ኃይለአምላክ ከደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር በኬፕታውንና በጅማ 4,720 ምንም ሕመም የማይሰማቸው ተማሪዎች የታዩበትን ጥናት በ2015 አወጡ፤ ጅማ ላይ ከ1,000 ልጆች 31ዱ የተረጋገጠ ወይም አጠራጣሪ ምልክት ነበራቸው። በ2016 ደጁማ ያደታና ባልደረቦቹ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች 3,238 ልጆችን መርምረው ከ1,000 ወደ 19 አገኙ። በ2017 ደግሞ ቱፋ ገመቹና ባልደረቦቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው በገጠር ማኅበረሰብ ውስጥ ከ6 እስከ 25 ዓመት ያሉ 987 ሰዎችን አዩ፤ የተረጋገጠው ሕመም ብቻ ከ1,000 ወደ 37.5 ደረሰ። ከዚህ የ2017 ጥናት ጸሐፊዎች መካከል ኤልድሪድ ፓሪ ይገኛሉ። ከራጁ ጥናት ወደ 50 ዓመት ገደማ አልፏል፤ ፓሪ ከኢትዮጵያ ወጥተው በናይጄሪያ አስተምረዋል፣ የአፍሪካን ሕክምና የሚመለከት ታዋቂ የማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፣ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ድርጅት መሥርተዋል። ያንኑ ጥያቄ ግን አልለቀቁትም። በ2022 አረፉ።

ከ4.6 ወደ 37.5 የሄደውን መስመር አይቶ ‹‹ሕመሙ በስምንት እጥፍ ጨመረ›› ማለት ስሕተት ነው። የተመረመሩት ሰዎች ዕድሜ፣ አካባቢና መለኪያው ይለያያል፤ ከሁሉ በላይ የተለወጠው መሣሪያው ነው። ስለዚህ የ1990ዎቹን ቁጥሮች በዚያን ጊዜ የነበሩት ታማሚዎች ልክ አድርጎ መጥቀስ አይገባም። ‹‹በአገራችን ይህ ያህል ነው›› ብሎ ያለ መሣሪያው የሚጠራ ቁጥር ሁሉ ጎደሎ መረጃ ነው።

ቁጥሩን የሚወስነው መሣሪያው ከሆነ፣ በቆጠራው በጣም ወደ ኋላ የቀረው የልብ ምት መዛባት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጠበበ ቫልቭ ከበስተኋላው ያለውን የልብ የላይኛ ክፍል ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ይህ መዛባት በ1909 ቶማስ ሉዊስ ለንደን ላይ በኤሌክትሮካርዲዮግራም ለይተው ካሳዩት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ያለዚህ መሣሪያ ግን በእርግጠኝነት አይያዝም፤ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው እያለም ያመልጣል። ኤልሳህ ተገኝና ባልደረቦቹ በጅማ ከተማ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 634 ነዋሪዎች መርምረው በ2019 ሲያወጡ 4.3 በመቶው ላይ አግኝተውታል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ባለባቸው ዘንድ ድርሻው ይበልጥ ይከብዳል፤ ኢትዮጵያም በተካፈለችበት፣ 14 አገሮችን ያቀፈው ሬሜዲ የተባለ ጥናት ከ2010 እስከ 2012 ከመዘገባቸው 3,343 ታማሚዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ይህ መዛባት ነበረበት። የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

የሚንቀጠቀጠው ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ጓል ወደ አንጎል ሲወጣ ስትሮክ ይሆናል። የሲዳማዋ ከተማ ሀዋሳ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የምትገባው በስትሮክ በኩል ነው። በ2005 ሥራ የጀመረው የሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ከ2013 እስከ 2014 የተቀበላቸው 163 የስትሮክ ታማሚዎች ተጠንተው ነበር። ግማሽ ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከግፊት ቀጥሎ የተመዘገበው አጋላጭ ምክንያት የልብ ሕመም ነው። ይህን መዝገብ የማነበው ከሆስፒታሉ ግድግዳ ውጭ ላለው ሰው ምስክር አድርጌ ነው። በሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሱቁን ከፍቶ የሚውል፣ ልቡ አንዳንዴ እንደምትሮጥ የሚሰማውና ድካም ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ የለም። ቁጥር ውስጥ የሚገባው እጅና እግሩ ከታሠረ በኋላ ነው።

መከላከያው አለ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን። የመድኃኒቱ መጠን ከምግብና ከሌላ መድኃኒት ጋር ስለሚዋዥቅ የደሙ የመርጋት ፍጥነት በየጊዜው መለካት አለበት። መለካት የማያስፈልገው አዲሱ ሪቫሮክሳባን ለአፍሪካ ታማሚዎች መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ የተካሄደውና ወደ 4,500 ታማሚዎች የተካተቱበት ኢንቪክተስ የተባለው ሙከራ በ2022 ሲታተም ግን ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ፤ ሩማቲክ የልብ ሕመምና የምት መዛባት አብረው ላሉበት ሰው አሮጌው መድኃኒት በሞት ቁጥር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከአሮሬሳ ወይም ከበንሳ፣ ወደ ሀዋሳ ለምትላክ እናት የሚያስፈልጋት ከእንክብሉ በተጨማሪ ደሟን የሚለካ ጤና ጣቢያ በአቅራቢያዋ ማግኘት ነው።