ጁሊያን ቦንድ

ሆራስ ጁሊያን ቦንድ (እ.ኤ.አ. 1940–2015) የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ሕግ አውጪ፣ የሲቪል መብቶች ታጋይና የታሪክ መምህር ነበር። በግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት በድምሩ ሃያ ዓመት አገልግሏል። በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራው ግን ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ነው፤ ሕዝብ መረጠው፣ ምክር ቤቱ በሩን ዘጋበት፣ እሱም ክርክሩን እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው።

የተወለደው ጃንዋሪ 14 ቀን 1940 በቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ነው። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ ስመ ጥር የትምህርት ሰው ሲሆን በ1945 በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኗል። እናቱ ጁሊያ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበረች። ልጅየው በአዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1957 አትላንታ ወደሚገኘው ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ፤ በዚያም ማርቲን ሉተር ኪንግ ካስተማራቸው ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

በ1960 የደቡብ ግዛቶች ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለሉ ምግብ ቤቶች እየገቡ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ ቦንድ የአትላንታዎቹን ተማሪዎች ካስተባበሩት መካከል ነበር። በማርች ወር በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ካፍቴሪያ ተይዞ ታሰረ። ብዙም ሳይቆይ “ስኒክ” በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ከሌሎች ጋር መሠረተና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሆነ። ከሚሲሲፒና ከአላባማ ገጠሮች የሚደርሰውን የድብደባና የእስር ዜና አጠናቅሮ ለጋዜጦች የሚያደርስ እሱ ነበር። ለዚህ ሥራ ሲል ያቋረጠውን ትምህርት የጨረሰው በ1971 ነው።

ወደ ምክር ቤት የሚወስደው መንገድ የተከፈተለት በ1965 ነው። ፍርድ ቤቶች የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ እኩል ክብደት እንዲኖረው በማዘዛቸው የጆርጂያ የምርጫ ክልሎች እንደ አዲስ ተካለሉ። ቦንድ በአትላንታ የአንዱን ክልል ነዋሪዎች ቤት ለቤት እየዞረ ቀሰቀሰ፤ አሸንፎም በዚያ ዓመት ለተወካዮች ምክር ቤት ከተመረጡት ጥቁሮች አንዱ ሆነ።

ቃለ መሐላ ሊፈጽም ቀናት ሲቀሩት፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1966፣ ስኒክ የቬትናምን ጦርነትና የግዳጅ ወታደር ምልመላን የሚቃወም መግለጫ አወጣ። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ቦንድ መግለጫውን እንደሚደግፍ ተናገረ። ጃንዋሪ 10 ቀን ምክር ቤቱ በ184 ድምፅ በ12 ተቃውሞ ወንበሩን ከለከለው። ከሳሾቹ እንዲህ ያለ ሰው ሕገ መንግሥቱን እጠብቃለሁ ብሎ ከልቡ ሊምል አይችልም አሉ፤ እሱ ግን ለመማል ዝግጁ ነበር።

ክፍት የሆነውን ወንበር ለመሙላት በተደረገው ምርጫ ሕዝቡ መልሶ እሱኑ ላከ። ምክር ቤቱ አሁንም አልተቀበለውም፤ በኖቬምበር 1966 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጠ። በዚህ መሃል የክልሉ መራጭ የነበረው ማርቲን ሉተር ኪንግ አብሮት ከሳሽ ሆኖ የገባበት ክርክር ቀጥሎ፣ ዲሴምበር 5 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አንዳች የልዩነት ድምፅ ፈረደለት። ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን የጻፉት ውሳኔ፣ የሕዝብ እንደራሴ በፖለቲካ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነቱ ሰፊ መሆን እንዳለበትና የመሐላው ቅንነት በተናገረው ቃል ሊለካ እንደማይገባ ያስረዳል። ቦንድ በጃንዋሪ 1967 ወንበሩን ያዘ።

በቀጣዩ ዓመት የጆርጂያን ገዢ የሌስተር ማዶክስን ወገን የሚገዳደር የልዑካን ቡድን እየመራ ቺካጎ ለዲሞክራቶች ጉባኤ ሄደ። እዚያም ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠቆመ፤ ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ስለሚጠይቅ የ28 ዓመቱ ቦንድ ጥቆማውን አልተቀበለም።

በተወካዮች ምክር ቤት እስከ 1975፣ ከዚያም በሴኔት እስከ 1987 ሠራ። ዝናው አገር አቀፍ ቢሆንም የአትላንታ ባልደረቦቹ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ያዩት ስለነበር ብዙ ሕግ ማሳለፍ ቀላል አልሆነለትም። ከደከመባቸው ጉዳዮች አንዱ ጥቁሮች በብዛት የሚገኙበት የኮንግረስ ምርጫ ክልል በአትላንታ እንዲካለል ነበር፤ ይህም ተሳካለት። ከምክር ቤት ውጭም በ1971 የደቡብ ድህነት ሕግ ማዕከል ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኗል።

በ1986 ለዚያው የኮንግረስ ወንበር ሲወዳደር የገጠመው የስኒክ ጓዱና የረጅም ዘመን ወዳጁ ጆን ሉዊስ ነበር። ቦንድ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ቢመራም ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላላገኘ ሁለተኛ ዙር ግድ ሆነ። ሉዊስ ተቀናቃኙን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አብረን እናድርግ እስከማለት ደርሶ የተፋፋመውን ፉክክር በጠባብ ልዩነት አሸነፈ፤ በኮንግረስም እስከ ሞተበት እስከ 2020 ቆየ። የሁለቱ ወዳጅነት ግን በእጅጉ ተጎዳ።

ቦንድ ከዚያ በኋላ ለምርጫ አልቀረበም። በ1987 የቀረበው ስለ ሲቪል መብቶች ትግል የሚተርከው “አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ” የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ተራኪ ድምፁ የእሱ ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምሯል፤ ከ1998 እስከ 2010 ደግሞ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤንኤኤሲፒ የሚባለውን አንጋፋ የጥቁሮች መብት ማኅበር በሊቀመንበርነት መርቷል። ኦገስት 15 ቀን 2015 በፍሎሪዳ በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

የ1966ቱ ፍርድ ዛሬም ይጠቀሳል። በኤፕሪል 2023 የቴነሲ ተወካዮች ምክር ቤት፣ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር እንዲጠብቅ በጉባኤው አዳራሽ ድምፃቸውን ያሰሙትን አባላቱን ጀስቲን ጆንስንና ጀስቲን ፒርሰንን ሲያባርር፣ የሕግ ተንታኞች ጉዳዩን ከቦንድ ክርክር ጋር አያይዘው አነሡት። ሁለቱም ወጣቶች በቀናት ውስጥ በየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች ተሹመው ተመለሱ፤ በኦገስትም በምርጫ ወንበራቸውን አጸኑ።