የይለፍ ወረቀት የነበረው ፈረስ

ኢንተርኔት ላይ የጉዞ ማስታወቂያ የምታዩ ከሆነ ይቺን ዓይነቷን ሳታውቋት አትቀሩም። ስድስት ሰባት ሰው ሆኖ፣ በፈረስ፣ መኪና በማይገባበት የቲቤት ተራራ፣ ከገዳም ገዳም። ፎቶው ላይ ሁሌም አንድ ጋላቢ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ሸለቆው ይመለከታል። ደስ ይላል። እኔ ግን አዘና ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ዓይኔ ከጋላቢው ይልቅ ፈረሱ ላይ ያርፋል። የማነው? ከሩቅ ሲመጣ ያየው የመንደሩ ሰውስ ምን ብሎ አሰበ?

ይህን ጥያቄ በእኛው አገር ታሪክ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ያለው ጉዞ ከ250 ዓመት በፊት እዚሁ አገው ምድር ላይ ተደርጓል፤ የሄደው ሰውም ጽፎታል።

ሰውየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ፀጉሩ ቀይ፣ ጉራው ደግሞ ከቁመቱ የማይተናነስ። በ1770 (በእኛ 1763 ዓ.ም.) በጥቅምት ወር የአባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ከጎንደር ወጣ። ቡድኑ ትንሽ ነበር፤ ስትራቴስ የሚባል ግሪክ፣ ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ፣ ጥቂት አሽከሮች። ንጉሡ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ግሽን በጉልት ሰጥተውታል። ወረቀት ላይ፣ የሚሄደው ወደ ገዛ ርስቱ ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ የንጉሡ ቃል ከጎንደር ብዙም አይርቅም ነበር። ከጣና በስተ ደቡብ ያለውን አገር በእጁ የያዘው ፋሲል ነው፤ የዳሞትና የአገው ገዥ፣ ለጎንደር አንድ ቀን ታማኝ አንድ ቀን ሸፋች። ብሩስ ባምባ በሚባል ቦታ ሰፈሩ ድረስ ሄዶ አገኘው። አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። መጀመሪያ ያመጡለት ፈረስ ያልተገራ ነው፤ ጥሎ ሊገድለው ምንም አልቀረው። ብሩስ በዋዛ የሚወድቅ ሰው አልነበረምና ፈረሱ እስኪዝል ጋልቦ አበረደው (ቢያንስ እሱ እንዲህ ይለናል)። ከዚያ በኋላ የፋሲል ፊት ተፈታ። ሸማ አለበሰው፣ ግሽን ራሱ እንደገና ሾመለት፣ በመጨረሻም አንድ ግራጫ ፈረስ ከነኮርቻው ከነልጓሙ አስመጣለት።

ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይሄ ቦታ ነው። ፈረሱ የተሰጠው እንዲቀመጥበት ብቻ አልነበረም። ተጭኖ፣ ተለጉሞ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ከፊት ከፊት እንዲነዳ ነው። የፋሲልን ፈረስ ያየ ሰው እንግዳውን አይነካውም። ማኅተም የለውም፣ ፊርማ የለውም፤ ባዶ ኮርቻ ብቻ። የዘመኑ ይለፍ ወረቀት በአራት እግሩ ይሄድ ነበር።

አሁን እስቲ ማሳው ዳር የቆመውን ገበሬ ሁኑ። የፋሲልን ፈረስ ታውቁታላችሁ። እናንተ ዘንድ ሲመጣ ለጉብኝት መጥቶ አያውቅም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ፋሲል አገዎችን ባንጃ ላይ ገጥሞ ክፉኛ ፈጅቷቸዋል። ገና ሐዘን ያልወጣ ቤት ብዙ ነው። ለብሩስ ደኅንነት የሆነው ባዶ ኮርቻ፣ ለዚያ ሰው ምን ሆኖ እንደታየው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ደግሞ አገው ለጎንደር ሩቅና ባዶ አገር አልነበረም። ይህን የሚነግረን ራሱ ብሩስ ነው። ዋና ከተማዋ በከብቱም፣ በማሩም፣ በቅቤውም፣ በስንዴውም፣ በቆዳና በሰሙም የምትኖረው በአገዎች እንደነበር ጽፏል፤ ሺህ፣ ሺህ አምስት መቶ ሆነው እየተከታተሉ፣ ተሸክመው ጎንደር ይገባሉ። ቅቤው በዚያ ሁሉ መንገድ ፀሐይ እንዳያቀልጠው መቅመቆ ያደርጉበት ነበር። መቅመቆ! እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሯት ያቺ ቢጫ ሥር። ግብሩን ደግሞ ወደ 1,000 ማሰሮ ማር፣ 1,500 በሬ፣ 1,000 ወቄት ወርቅ ያደርሰዋል፤ ማሩ ቀድሞ ከዚህም እጅግ ይበልጥ ነበር ይላል። ብሩስ "አገኘሁት" ያለው አገር ጎንደርን የሚቀልብ አገር ነበር። መንገዱን እየተመላለሱበት ጠርገው ያቆዩለት እነዚያ ቅቤ ተሸካሚዎች ናቸው።

ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ግሽ ደረሰ። ወልዶ ምንጩን ለማሳየት የብሩስን ቀይ የሐር መታጠቂያ ካልተሰጠኝ ብሎ ያዘ፤ ተሰጠው። (አስጎብኚ ላይ የምታማርሩ፣ ነገሩ እንግዲህ ጥንት ነው።) ብሩስ ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጠ፣ ከምንጩ በኮኮነት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ከእሱ በፊት በ1618 ጴጥሮስ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር መጥቶ እዚያው መቆሙን ግን ሊቀበል አልፈለገም፤ ኢየሱሳውያኑ ውሸታሞች ናቸው አለ። ሰው ቀደመኝ ማለት እንዴት እንደሚያንገበግብ ከዚህ ይታያል።

ነገሩ የሚገርመው በሁለቱ ክርክር ውስጥ የግሽ ሰዎች የሉበትም። ለእነሱ ምንጩ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ የሚጠበቅ ነው። ብሩስን ያስተናገደው ሽማግሌ ስሙ ክፍለ አባይ ነበር። ሥራው የወንዙ ካህንነት ነው፤ በየዓመቱ ጥቁር ጊደር የሚታረድበትን ሥርዓት የሚመራው እሱ ነው። አጠገቡ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ዛሬ ሰው ወደ ሰከላ የሚሄደው ለፀበሉ ነው፤ እህል ሳይቀምስ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ለውኃው አደራ የሰጧቸውን መጻሕፍት ከዓመታት በኋላ ደረቅ አድርጎ ተፋላቸው የሚለውን ትውፊት እዚያ የማያውቅ ልጅ የለም። የፋሲል ፈረስ ምንጩ ዳር ሲቆም ቦታው ባለቤትም፣ ካህንም፣ ታሪክም ነበረው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1774፣ ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ ጆርጅ ቦግል፣ ለእንግሊዝ ንግድ ኩባንያ ተልኮ ወደ ቲቤት ሄደ። እሱም ቡታን ላይ ተይዞ ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት አለፉበት፤ ከዚያ ነው ቲቤት ገብቶ ፓንቼን ላማን ያገኘው። ማስታወቂያዎቹ "ማንም ያልረገጠው" የሚሉት አገር ያኔም በረኛ ነበረው።

ወደ ባንጃ ልመለስ። እንጅባራ የምትገኘው እዚያ ነው፤ ፋሲል አገዎችን ባሸነፈበት ምድር። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች የሚሰበሰቡትም እዚያው እንጅባራ ነው። ቀኑ የጊዮርጊስ ነው፤ ዓድዋም በ1888 የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን ነበር የዋለው። ማኅበሩ ራሱን የሚያስረዳው በዚህ ነው፦ ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ። እኔ ግን የተመሠረተበትን ዓመት ሳይ ሌላም ነገር ይታየኛል። 1932 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ገና አልወጣም። በጠላት ዘመን ፈረሰኛን በማኅበር ማሰባሰብ ያለፈ ጦርነት ማሰብ ብቻ አይመስለኝም።

ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ መሆናቸውን ማኅበሩ ይናገራል። ከሰባት ቤት አገው ሁሉ፣ ከአንከሻው፣ ከባንጃው፣ ከዚገሙ፣ ከእኛም ከአዘና ይመጣሉ። ጉግሱና ስግሪያው ቴሌቪዥን ላይ ታይቷችኋል። ቴሌቪዥን የማያሳየው የቀረውን 364 ቀን ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሙሽራ የሚያጅበው፣ ሁለት ሰዎች ሲጋጩ መሐል የሚገባው ይኸው ማኅበር ነው። ከላይ የሚላክ የአንድ ጌታ ፈረስ የነበረው ነገር የገበሬው የራሱ ሆነ። ለእኔ የአገው የፈረስ ታሪክ ይሄ ነው፤ ከብሩስ ምንጭ ይልቅ መጽሐፍ የሚገባው እሱ ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀው ሣሩ ነው። ያለፉትን ሃያ ዓመታት አካባቢያችን ዲከረንስ ተክሏል፤ ለከሰል። ማሳው፣ መስኩ፣ አጥሩ ሥር፣ ሁሉ ዲከረንስ። ሰው ቤት ሠራበት፣ ልጅ አስተማረበት፤ አልፈርድም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን በሽታ ገባበትና ብዙው ቆሞ ደረቀ። ግጦሹ ግን አንዴ ሄዷል።

አጎቴ ሁለት ፈረስ ነበረው፤ አሁን አንድ ነው። አምና ጥር ከእንጅባራ ስንመለስ "አጎቴ፣ ይሄንንስ ለምን አትሸጠውም? ባጃጅ አለ እኮ" አልኩት፤ ለመተንኮስ ያህል።

"ባጃጅ ለቅሶ ይደርስልሃል?" አለኝ።

"ያደርሰኛላ።"

"እሱ ያደርስሃል። እኔ የምልህ ሌላ ነው።" ኮርቻውን ፈትቶ አወረደ፤ ፈረሱን የደረቀው ዲከረንስ ተነቅሎ ሣር ወደ ጀመረባት ጥግ ወሰደውና ገመዱን አስረዝሞ አሰረው።