መቀሱን ማን ያየዋል?

ብዙ ዓመት ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬአለሁ፤ እንደ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽቱ ያለ ቅጥል ግን አላየሁም። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸው ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነበር፤ እዚያ የታየው ጥቅምት 1966 ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ወሰደና በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉም ሰካበት፤ በዚያ የመስከረም ምሽትም በቴሌቪዥን አሳየው። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ከዚያ የጠገበ ውሻ።

እኛን ባለሙያዎቹን የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። ረሃቡ እውነት ነው፤ መደበቁም እውነት። ድግሱም የፈጠራ አይደለም። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ግን መቀስ ነው፤ ተመልካች ደግሞ መቀሱን አያይም። (ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ እኔ ብሆን ኖሮ እቆርጠው ነበር፤ አልዋሽም።)

በማግስቱ ጠዋት ንጉሡን ከቤተ መንግሥት አውጥተው በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

መስከረም 1977 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። ያን ጊዜ ሰልፉን ሙሉውን አሳዩን፤ የወሎን ሕፃን መሃሉ ላይ የሰካ ግን አልነበረም።