ግድግዳውና ጓዙ

አማርኛ ለተከራይ ንብረት አንድ ደህና ቃል አለው፤ «ጓዝ» ይለዋል። ባለቤት ቤት አለው፤ ተከራይ ጓዝ አለው። ቃሉ የዘመቻ ቃል ነው። ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ በሚኖሩበት ዘመን ከሠራዊቱ ጋር በበቅሎና በሰው ትከሻ የሚጓጓዘው ስንቅ፣ ድስትና መኝታ ሁሉ ጓዝ ነበር። የዛሬው ዘማች ሌላ ነው። አከራይ «ልጄን ልድርበት ነው» ባለ ቁጥር ፍራሹን፣ ቁም ሳጥኑንና የጋዝ ሲሊንደሩን በአይሱዙ ጭኖ ከገርጂ ወደ ጀሞ፣ ከጀሞ ወደ አያት የሚሰፍረው የከተማ ሰው ነው።

በዘመቻው ዘመን እንኳ ለጓዙ ጠባቂ ይመደብለት ነበር። የተከራይን ጓዝ ግን የሚጠብቀው ማነው? ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህኛው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲወራ አልሰማም። የኢንሹራንስን ታሪክ ሳገላብጥ ደግሞ ጥያቄው የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ከመነሻው መጀመሪያ የታሰበለት ግድግዳው ነው። ጓዙ የታሰበለት ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2 ቀን 1666 ለንደን ውስጥ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሳው እሳት አራት ቀን ያህል ነደደ። ወደ 13,200 ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት አመድ ሆኑ። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ሲሯሯጥ የነበረው ቤቱን ሊያድን አልነበረም፤ የእንጨት ቤት አንዴ ከተያያዘ አበቃ። ሩጫው ለጓዙ ነበር። የጋሪ ኪራይ ሰማይ ነካ። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም፣ በዚያ ዘመን በጻፈው የዕለት ማስታወሻ የሚታወቀው ሰው፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ የወይን ጠጁንና የፓርማ አይቡን ቀበረ። ይኖር የነበረው በመሥሪያ ቤቱ ቤት ነው። ግድግዳው የመንግሥት ነው፤ አይቡ ግን የራሱ! መጻሕፍት ሻጮቹም መጻሕፍታቸውን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ምድር ቤት አከማቹ፤ ድንጋይ ነውና አይነድም ብለው። የካቴድራሉ ጣራ ሲደረመስ እሳቱ ወደ ታች ገባና መጻሕፍቱ ነደው አለቁ። ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል ላሳለፍኩት ለእኔ ይቺ ክፍል ዛሬም ታመኛለች።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ሌላ እሳት ተነሳ፤ የክርክር እሳት። በጊዜው በነበሩት ብዙ የኪራይ ውሎች ቤቱን የመጠገን ግዴታ የተከራዩ ነበር። ቤቱ ተቃጥሎም ኪራዩን መክፈል አለበት። ልብ በሉ፤ ዕቃው ነዷል፣ ሱቁ የለም፣ ደጅ አዳሪ ሆኗል፤ ሆኖም የማይኖርበትን ቤት ኪራይ እየከፈለ የሌላ ሰው ቤት ሊሠራ ነው። ነገሩ ስላላስኬደ ፓርላማው ልዩ «የእሳት ፍርድ ቤት» አቋቋመ። ዳኞቹ አከራይንና ተከራይን ፊት ለፊት እያቀረቡ ለአንዱ ኪራይ ይቀንሳሉ፤ ለሌላው የውል ዘመኑን ያራዝማሉ፤ ቤቱን ማን እንደሚሠራም ይወስናሉ። እኔ እንደማየው ኢንሹራንስ የሚያስፈልግበት ምክንያት የገባው ሰው ካለ በዚያ ችሎት ደጃፍ ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ተከራይ ነው።

ከዚያ በ1680ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል፣ በሙያው ሐኪም፣ በንግዱ ግን ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ሰው የእሳት ኢንሹራንስ ቢሮ ከፈተ። ክፍያው የሚሰላው በቤቱ የዓመት ኪራይ ነበር፤ ለጡብ ቤት 2.5 በመቶ፣ ለእንጨት ቤት 5 በመቶ። መለኪያው ኪራይ ይሁን እንጂ የሚካሰው ተከራዩ አልነበረም፤ ኢንሹራንስ የተገባው ለቤቱ ነው። የቤት ዕቃና ሸቀጥ ራሱን ችሎ ኢንሹራንስ ውስጥ የገባው ቻርለስ ፖቬይ የተባለ ሰው በ1708 ገደማ ባቋቋመው ድርጅት ነው። ሥራው በ1710 «ሰን» ወደተባለው ኩባንያ ተዛወረ። ከግድግዳው እስከ ጓዙ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ፈረንሳዮች በሌላ በር መጡ። የ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው በአንቀጽ 1733 ላይ የተከራየው ቤት ከተቃጠለ ተጠያቂው ተከራዩ ነው አለ፤ ድንገተኛ አደጋ መሆኑን፣ የአሠራር ጉድለት መኖሩን ወይም እሳቱ ከጎረቤት መምጣቱን ካላስረዳ በቀር። እንዲህ ያለ ሸክም የተጫነበት ተከራይ መድን ቢፈልግ ምን ይገርማል? በኋላም በ1989 የወጣ ሕግ ተከራይ ለዚህ ኃላፊነቱ ኢንሹራንስ እንዲገባ አስገደደ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ነገሩን ያውቁታል። ብዙ አከራዮች ቁልፍ ከማስረከባቸው በፊት የተከራይ ኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቃሉ። እዚያ ውሉ በተለመደው መልኩ ሦስት ነገር ይይዛል፤ የቤት ዕቃውን፣ ተከራዩ ሳያስበው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ያለበትን ኃላፊነት፣ እንዲሁም ቤቱ መኖሪያ የማይሆን ከሆነ ሌላ ቦታ የሚያርፍበትን ወጪ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢንሹራንስ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ከአቢሲንያ ባንክ ጋር ነው፤ ባንኩ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ዋስትና ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል፣ በ1951 ተቋቋመ። ደንበኞቹ ነጋዴዎች፣ መጋዘኖችና ባለሕንፃዎች ነበሩ። በደጃች ውቤ ወይም በአሜሪካን ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን ጸሐፊ ማን ያስበዋል?

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በታኅሣሥ 23 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወረሱ። በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። እንግዲህ መንግሥት በአንድ እጁ የብዙ ሺህ ተከራዮች አከራይ፣ በሌላ እጁ ብቸኛው መድን ሰጪ ሆነ ማለት ነው። ይሁንና ሁለቱ እጆች ሲጨባበጡ አላየሁም። ባደግኩበት የቀበሌ ሰፈር ስለ ጣራ ቆርቆሮ ማመልከቻ ሲጻፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ ቁም ሳጥኑ መድን ግን አንድም ሰው ሲናገር አልሰማሁም። በ1986 የወጣው አዋጅ ለግል ኩባንያዎች በሩን ሲከፍትም ኢንሹራንስ በአብዛኛው ሰው አፍ የመኪና ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

አንባቢ «እኛ እኮ ዕድር አለን» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለ ሕዝብ የኢንሹራንስን ሚስጥር ከባርቦን አልተማረም። ቤት ሲቃጠል ሰፈሩ አዋጥቶ ብርድ ልብስና ድስት ይሰጣል። ነገር ግን ዕድር የቆመው በአንድ ሰፈር በመቆየት ላይ ነው። መመዝገቢያ ከፍሎ፣ ወር በወር አዋጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ለቅሶ ደርሶ ነው ሰው የሚታወቀው። በሁለትና በሦስት ዓመት ሰፈር የሚቀይር ተከራይ ስሙ መዝገቡ ላይ ሳይደርቅ ጓዙን ጠቅሎ ይሄዳል። ዕድሩ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከዕድሩ የራቀው ሰው ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ይኖራል። ይሄን ስነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ ምን አለኝና ነው ኢንሹራንስ የምገባው? ቤቱ የእኔ አይደል!»

«ስለ ቤቱ መች ጠየቅሁህ» አልኩት። «ወረቀት አምጣና ቁጠር።»

ቆጠረ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ላፕቶፕ፣ ሶፋ፣ አልጋ፣ ምድጃ። ቀጥሎ የሚስቱ የሠርግ ልብስና ጌጥ፣ የልጁ አልጋ፣ የሁሉም ጫማ፣ መጋረጃው ሳይቀር። ዛሬ ገበያ ወጥቶ ቢገዛቸው ብሎ ሲደምር ከዓመት ደመወዙ በለጠበት። ዝም አለ። «ምን አለኝ» የሚለው ሰው ያለው በሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ ቢቃጠል ለባለቤቱ ቢያንስ መሬቱ ይቀርለታል፤ ግድግዳው መድን ከተገባለትም ካሳው የእርሱ ነው። ለተከራዩ አመድ እንኳ አይቀርለትም፤ አመዱም በሰው ግቢ ነው ያለው።

ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። በኢንሹራንስ ቋንቋ የምንከፍለው «አረቦን» ይባላል፤ በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ «መያዣ» ለማለት የገባው ቃል ነው። «መድን» ራሱ «ዳነ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመድኃኒት ዘመድ ነው። የእሳትና የመብረቅ ዋስትና አለ፤ ቤት ሰብሮ ለሚፈጸም ስርቆትም እንዲሁ። ተከራይ ዕቃው የራሱ እስከሆነ ድረስ የቤት ካርታ አያስፈልገውም። ሆኖም ውሉን ማንበብ ግድ ነው። የተለመደው ውል ለአሮጌ ፍሪጅ የአዲስ ፍሪጅ ዋጋ አይከፍልም። ዕቃው 200,000 ብር እያወጣ አረቦን ለመቆጠብ 100,000 ብቻ ነው ያለ ሰው ደግሞ 40,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ቢቃጠልበት የሚያገኘው 20,000 ሊሆን ይችላል፤ ግማሹን መድን ሰጠ፣ ግማሹን ለራሱ ያዘ ተብሎ ይቆጠራል። ጦርነትና ሁከት ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጪ ናቸው። የየካቲት 1929ን ዓይነት ቃጠሎ የሚክስ ተራ ውል የለም። ደረሰኝና ፎቶግራፍ ከቤቱ ውጪ ማስቀመጥም አይከፋም፤ ማስረጃው ከዕቃው ጋር ከነደደ በምን ይጠየቃል? ከሁሉም በላይ ከኛ ምድጃ ተነስቶ ወደ ጎረቤት ለሚሻገረው እሳት፣ ክፍት ከተረሳው ቧንቧ ወደ ታችኛው ፎቅ ለሚወርደው ውኃ የሚሆን የኃላፊነት ሽፋን መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። በኮንዶሚኒየም ዘመን የአንዱ ወለል የሌላው ጣራ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ግን ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። ስለ መጥፎ ነገር አስቀድሞ መነጋገር በእኛ ዘንድ ሟርት ነው። «እሳት ቢነሳስ?» ያለ ሰው «በአፍህ አትጥራው!» ይባላል። እሳቱ ግን ስለተጠራ አይመጣም፤ ዝም ስለተባለም አይቀርም። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ሲሯሯጥ አይተናል፤ የ1666ቱ ለንደን ራሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ በማግስቱ ኢንሹራንስ የሁሉም ወሬ ሆነ። ወሩ ሳይሞላም ተረሳ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። ደግ ነው። አሁን አከራይና ተከራይ ቢያንስ አንድ ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ። ወረቀቱ የሚያወራው ግን በዋናነት ስለ ግድግዳው ነው፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ዘመኑ። ስለ ጓዙ የሚናገረውን ሁለተኛ ወረቀት ማምጣት የተከራዩ ፋንታ ነው። የሚጀመረውም ተማሪዬ እንዳደረገው ቁጭ ብሎ በመቁጠር ነው።