ሙቀቱ የሚደብቃቸው ሁለት በሽታዎች፦ ስኳርና ቲቢ



በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ውሃ ጥም ሲበዛ «ፀሐዩ ነው» እንላለን። ሌሊት በላብ መጠመቅም «ቆላ አይደል እንዴ!» ተብሎ ይታለፋል። የመጀመሪያው የስኳር፣ ሁለተኛው የቲቢ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ይገኛሉ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የፋርሱ ሐኪም ኢብን ሲና በ1025 አካባቢ (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባጠናቀቀው የሕክምና መጽሐፉ፣ የስኳር ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ እንደሚጠቁ ጠቅሷል። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ በ1882 ይፋ ቢያደርግም ለሁለቱም በሽታዎች መድኃኒት ስላልነበረ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች በቲቢ ይሞቱ ነበር።

በ1921 ካናዳ ውስጥ ኢንሱሊን ተገኘና የስኳር ሕመምተኞች ዕድሜ ረዘመ። ቲቢ ግን አልለቀቃቸውም። የቦስተኑ ሐኪም ሃዋርድ ሩት በ1934 ቲቢ በስኳር ሕመምተኞች ላይ እንደሚበዛ፣ ስኳራቸውን ባልተቆጣጠሩት ላይ ደግሞ እንደሚብስ ጻፈ። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኝቶ ቲቢ መዳን ሲጀምር ጉዳዩ ቸል ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ታካሚ ለስኳር፣ የስኳር ታካሚም ለቲቢ እንዲታይ የሚያሳስብ መመሪያ ያወጣው በ2011 ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ስኳር ሲበዛ የሰውነት መከላከያ ይዳከማል፤ ተኝቶ የነበረው የቲቢ ባክቴሪያም ይነሣል። በቲቢ የመታመም ዕድል በሁለት፣ በሦስት እጥፍ ይጨምራል። ቲቢም በተራው ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ደግሞ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር ክኒኖችን ኃይል ይቀንሳል።

ታዲያ ከሙቀቱ በምን እንለየው? ሙቀት ያስጠማል እንጂ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት አያስነሳም። ያልባል እንጂ ሁለት ሳምንት አያስልም፤ ልብስም አያሰፋም።

ስኳር ካለባችሁና ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ «ብርድ ነው» ሳትሉ አክታችሁን ተመርመሩ። የቲቢ መድኃኒት ከጀመራችሁ ስኳራችሁን ተለኩ፤ የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩት፣ መጠኑን ያስተካክልላችኋል። አንዱንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ እነሱም ይታዩ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ቆላ ላለ ዘመድ ሁሉ አካፍሉልኝ።