ከ12ኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ በር
(የመሰናዶ ታሪክ በአገራችን)

ከትምህርት ቤታችን በር ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ለመድረስ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። ይሁን እንጂ ከእኛ በፊት በእነዚህ ዴስኮች ላይ የተቀመጡ ብዙዎች ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያን መንገድ ሳይጨርሱት ቀርተዋል። ለዚህ የበዓል መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ፋሲል ግንብና ስለ ነገሥታቱ ሊጽፉ ቀድመውኝ ስለ ነበር፣ እኔ በዚህ ዓመት እንቅልፍ የሚነሣኝን ጉዳይ መረጥሁ። ይኸውም በአገራችን ተማሪ ለከፍተኛ ትምህርት ሲዘጋጅ የኖረው እንዴት ነው? የሚያዘጋጀውስ ማን ነበር? የሚለው ነው።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ወዲህ የሊቃውንት ከተማ ሆና መኖሯ የታወቀ ነው። የድጓ ተማሪ ወደ ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አባ፣ የቅኔ ተማሪ ወደ ጎጃም ሲሄድ፣ አቋቋም የሚሻው ወደ ጎንደር በአታ፣ መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው መስማት የሚፈልገውም ወደ ጎንደር ጉባኤ ቤቶች ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። ስለ ቆሎ ተማሪ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያነሣው አኩፋዳውን፣ ደበሎውንና ከውሻ ጋር መታገሉን ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሥርዓቱ ነው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ እርሷን ሲያውቅ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስጠናል፤ መምህሩም መብቃቱን ሲያይ ያስመሰክረዋል። ፈተና አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ አዘጋጁና ፈታኙ አንድ ሰው ነበር ማለቴ ነው። (እንደ እማሆይ ገላነሽ ያሉ የቅኔ መምህርት ቢገኙም፣ እኅቶቻችን በዚያ መንገድ እምብዛም አልሄዱበትም። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም።)

በዘመናዊው ትምህርት በኩል ግን አዘጋጁ ሌላ፣ ፈታኙ ሌላ ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሠላሳ ያህል ተማሪዎችን ይዞ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተፈተኑት ከለንደን በሚመጣ ፈተና ሲሆን፣ በኋላ በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ተተካ፤ ወላጆቻችን እስከ ዛሬ «ማትሪክ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በእኛም አገር፣ የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ኮሌጅ እደጃችን ድረስ መጣ ማለት ነው። ነገር ግን የኮሌጅ ቅርብ መሆን ብቻውን የሰሜንን ልጅ ኮሌጅ አላስገባውም።

በዚያ ዘመን የታየው ችግር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ፈተናውን ያለፈ የጠቅላይ ግዛት ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በእንግሊዝኛ ያለ ማቋረጥ የሚናገር መምህር፣ አይቶት የማያውቅ ቤተ መጻሕፍትና ነክቶት የማያውቅ የላቦራቶሪ ዕቃ ይጠብቁታል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ገና በመጀመሪያው ዓመት ተሰናብተው ይመለሱ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ግን አንድ መልካም ሐሳብ ተገኘ። በልዑል በዕደ ማርያም ስም በተሰየመው ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በብልጫ የጨረሱ ተማሪዎች እየተመረጡ 12ኛን ክፍል በዩኒቨርሲቲው ክንፍ ሥር ይማሩ ጀመር። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። ኮሌጁ ተማሪው እስኪመጣለት በሩ ላይ ቆሞ አልጠበቀም፤ አንድ ዓመት ቀድሞ እጁን ዘረጋለት እንጂ። ከዚያ የወጡት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲው ስማቸው የታወቀ ሆኑ።

ይሁን እንጂ እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። የሚመረጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከየትምህርት ቤቱ ጎበዙ ሲወሰድም የቀሩት የሚያስጠናቸውን ጓደኛ ያጡ ነበር። ይህን የሚክስ የመሰለው በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። የገጠር ከተማ ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያየው፣ እንዴት እንደሚጠናም የጠየቀው ያን ጊዜ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውና የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲወጡ፣ ይህ ሁሉ በዚያው ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተባሉ። የፍሬሽማን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ አራት ዓመት የነበረው የዲግሪ ትምህርትም በብዙ ክፍል ሦስት ዓመት ሆነ። ሸክሙ ወደ እኛ ወረደ፤ መጻሕፍቱና የላቦራቶሪ ዕቃው ግን አብረው አልወረዱም። በዕቃው ፋንታ በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት መጣ። ታላቅ ወንድሜ ሲያጫውተኝ፣ ያ መምህር «ገባችሁ?» ብሎ ሳይጠብቅ ያልፍ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እርሱም ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጣው ሁላችንም የምናውቀው ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ኩረጃ ስለ ቀረ እውነቱ ተገለጠ የሚሉ አሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን የተገለጠው የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ መዘጋጃ የነበረው ቦታ ባዶ መሆኑም ተገልጧል። ከ50 በታች አምጥተው ለተመረጡት በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሪሚዲያል ትምህርት የዚህ ማረጋገጫ ይመስለኛል። በክልላችንም ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በደረሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ።

የአክስቴ ልጅ ከዳባት ነው። ትምህርቱ ሲቋረጥበት ወደ ጎንደር መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ተፈትኖም ሪሚዲያል ደረሰው። ለበዓል ሲመጣ ምን እንደ ከበደው ጠየቅሁት። ፈተናው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይናገራል፤ እኔ ምኑን ጽፌ ምኑን ልተው?» አለኝ። ይህን ያስተማረው ሰው አልነበረም። እኔ የታችኛውን ክፍል የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ማታ ማታ ደወል ተደውሎ ለጥናት እንቀመጥ ነበር፤ ከመተኛታችንም በፊት ያነበብነውን ገጽ መጽሐፉን ዘግተን በአምስት መስመር በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ እንታዘዝ ነበር። ምን ያህል እጠላው እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ዘንድሮ ግን የ12ኛ ክፍልን ባዮሎጂ የማጠናው በእርሱ ነው፤ ለአክስቴ ልጅም ያሳየሁት እርሱን ነው።

ባለፈው ክረምት ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሁለት ልጆች በእረፍታቸው እየመጡ አስጠኑን። አንደኛዋ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ በአንድ በኩል መምህሩ የተናገረውን፣ በሌላ በኩል እርሷ የጻፈችውን አሳየችን። ከዚያ ወዲህ በዘጠኝ ተማሪዎች ጀምረን አሁን ሃያ አራት ደርሰናል፤ ስድስቱ ከዳባትና ከደባርቅ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ይህን መጽሔት የምታነቡ የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት የላይኛው ክፍል ክፍት ነው። ጠመኔ አለን፣ መቀመጫም አለን። የሚያንሰን የአንደኛ ዓመት የሂሳብና የፊዚክስ ደብተር ነው፤ ቢያረጅም፣ ቢቀደድም እንቀበላለን።